«ቬንቲሌሽን» እና ቬንትሌተር አንድ ናቸው እንዴ?

የሳቢያኗ፦ ሰላም የድሬ ልጆች። ቁርስ ቤት ልከፍት ብዬ የጋዝ ምድጃ ገዛሁ። አብሮት የመጣው የእንግሊዝኛ ወረቀት «ጥሩ ቬንቲሌሽን ባለበት ክፍል ብቻ» ይላል። ጣሪያው ላይ ቬንትሌተር አለኝ፤ ይበቃል አይደል? ልጄ አንድ ናቸው ትላለች፣ እኔ ግን ጠረጠርኩ። ቃሉስ ከየት መጣ?

ምድጃ ጠጋኙ፦ አቦ፣ አይበቃም! የጣሪያው ቬንትሌተር ያንኑ የክፍሉን አየር ነው የሚያሽከረክረው። ላብሽን ያደርቃል እንጂ አየር አይለውጥም። ቬንቲሌሽን ማለት የታፈነው አየር ወጥቶ ንጹሑ ሲገባ ነው። ጋዝ አየር አጥሮት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ከሰልም ያው ነው። ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች ክፈቺ፤ ከምድጃው በላይ አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ አስገጥሚ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ከታችም ቀዳዳ ይኑር።

ጡረተኛው መምህር፦ የቃሉን ነገር ለእኔ ተዉት። ላቲን ነው፦ «ቬንቱስ» ነፋስ፣ «ቬንቲላሬ» ማራገብ። እንግሊዞች ማራገቢያውን የሚጠሩበት «ፋን» ደግሞ የመጣው «ቫኑስ» ከሚባለው፣ እህል ከገለባ ከሚለዩበት ቅርጫት ነው። ሰፌድ በሉት! አያቴ ማሽላውን ከፍ ዝቅ ስታደርገው እብቁ በሰፌዱ ጫፍ በኩል ብን ይል ነበር፤ ያንን «ማንፈስ» እንለዋለን፣ ነፋስ ውስጡ አለ። መናፈሻም ከዚያው ቤት ነው። ሌላም አለ፦ እንግሊዞች ጉዳይን አደባባይ አውጥቶ መወያየትን በዚሁ በቬንቲሌሽን ግስ ይሉታል። እኛ የምናናፍሰው ወሬ ነው፣ ይኸው ልዩነታችን።

የከዚራው፦ ግራ መጋባቱ ከፈረንጆቹም ነው። በፈረንሳይኛ «ቫንቲላተር» ማራገቢያው ራሱ ነው። በእንግሊዝኛ «ቬንቲሌተር» ካልሽ ግን ብዙው ሰው የሚመጣለት የሆስፒታሉ የመተንፈሻ መሣሪያ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ልክ ነህ ልጄ። ስቲቨን ሄልስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1743 መጽሐፍ የጻፈለት «ቬንቲሌተር» ግን ሌላ ነበር፤ የመርከብና የእስር ቤት አየር የሚለውጥ፣ በእጅ የሚሠራ ትልቅ ወናፍ።

የሳቢያኗ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። እኔ ግን አንድ መስኮት ብቻ ነው ያለኝ፣ የኋላው ግድግዳ የጎረቤት ነው። ምን ላድርግ?

ምድጃ ጠጋኙ፦ እንግዲያ ምድጃውን በረንዳ አውጪው። በዚህ ሙቀት ጓዳ ውስጥ ማን ቆሞ ይጠብሳል?