ቡችላዬን ወደ ስሜን ተራሮች ልላከው ወይስ ይቅር?

የአዘዞው፦
ሰላም የጎንደር ልጆች፣ እስቲ አማክሩኝ። ሰባት ወር የሞላው ውሻ አለኝ፤ ቡቺ። አከራዬ "ወይ እሱ ወይ አንተ" ብለውኛል። ከደባርቅ አለፍ ብሎ፣ ፓርኩ ጫፍ ላይ የሚኖር አጎቴ "ቀበሮ ግልገል እየወሰደብኝ ነው፣ ውሻውን ላከው" አለኝ። ችግር አለው?

ማራኪ፦
ምን ችግር አለው? ሚኒባስ ላይ መጫን ነው እንጂ 😂

ጨነቅ፦
ወንድሜ ቆይ፣ አትቸኩል። ስድስት ዓመት እዚያ ፓርክ ውስጥ ስካውት፣ ማለት ጠባቂ ነበርኩ።

መጀመሪያ አጎትህን የትኛው ቀበሮ እንደሆነ ጠይቀው። ተራውም አለ፣ ቀዩም አለ። የቀዩ ኑሮ አይጥ ነው። ጠዋት ውርጩ ከጓሳው ላይ ሳይለቅ ሲያድን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ጆሮውን ወደ ጉድጓዱ ቀስሮ ይቆማል፤ ከዚያ ሆዱን መሬት እያስነካ ቀስ፣ ቀስ... ዘሎ ጉብ! ጭላዳዎቹ አጠገቡ ሣር እየነጩ ዞር ብለውም አያዩት። ግልገል ጨርሶ አይነካም አልልህም፤ ግን ተራው የበላውን ሁሉ በቀዩ ሲያላክኩ ሰምቻለሁ።

እኔን የሚያሳስበኝ የቡቺ ጥርስ ሳይሆን በሽታው ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፤ የቀረውም 500 ገደማ ነው፣ አብዛኛው ባሌ። እዚያው ባሌ በ1984 ዓ.ም. አካባቢ ከውሻ የተጋባ የእብድ ውሻ በሽታ መንጋ መንጋውን ፈጅቶታል። ኋላ ደግሞ ዲስቴምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታ መጣ። ቀበሮዎቹ በመንጋ ስለሚኖሩና ሲገናኙ አፍ ለአፍ ስለሚላላሱ አንዱ ከታመመ ሌላው አይተርፍም።

ስለዚህ ሳታስከትበው እንዳትልከው። ለሁለቱም በሽታ ክትባት ጠይቅ፤ ከተከተበ በኋላ ደግሞ አንድ ወር ይቆይ፣ ወዲያው አይሠራም። ቢኮላሽም ጥሩ ነው፤ ውሻ ከቀይ ቀበሮ ይዳቀላል። አጎትህም ከበረቱ አያርቀው፤ እረኛ ተከትሎ ፓርክ መግባት የለበትም።

ማራኪ፦
የሚኒባሱን ሐሳብ ትቻለሁ 🙏

የአዘዞው፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አጎቴን ደውዬ ጠየቅሁት፤ "ግራጫ ነው፣ ቀዩንማ እናውቀዋለን" ብሎ ተቆጣኝ። ቡቺ ዛሬ የእብድ ውሻውን ተወጋ፤ ሌላውን ሰኞ ና ብለውኛል። አከራዬን አንድ ወር ለመንኳቸው፣ ዝም አሉ። እሺ ማለታቸው ነው ብዬ ይዣለሁ።