«ደመ ነፍስ» ከወላጅ የተወረሰ ትውስታ ሊባል ይችላልን?

ጥያቄ፦ የምታረመው የትርጉም ሥራ የእንስሳትን ደመ ነፍስ «ከወላጅ የተወረሰ ትውስታ» ይለዋል። ቃሉ ይህን ይሸከማልን? «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ተረትስ ከዚሁ ጋር ይገናኛልን?

መልስ፦ በእኔ አስተያየት አይሸከምም። በቤተ ክህነት ትምህርት ሰው ለባዊትና ነባቢት (የምታስብና የምትናገር) ነፍስ ሲኖረው፣ እንስሳ ግን ሕይወቱ በደሙ ስለሆነ ደመ ነፍስ ይባላል፤ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 17ም የሥጋ ሕይወት በደም መሆኑን ይናገራል። «ሳይማሩ ማድረግ» የሚለው የዛሬ ፍቺ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ትውስታ ግን ባለቤቱ አንድ ጊዜ ያየው ወይም የደረሰበት ነገር ተመልሶ ሲመጣለት ነው። እናቱ ልሳ ያላደረቀችውን ጥጃ ይመልከቱ፤ እየተንገዳገደ ይቆምና የፊት እግሯን ሥር በአፍንጫው ይጎስማል፣ ደረቷን ይሞክራል፣ ቆይቶ ጡቷን አግኝቶ እንገሩን ይጠባል። ጡቱ ያለበትን ቢያስታውስ ኖሮ በፊት እግሯ በኩል ባልዞረ ነበር። የወረሰው መፈለጉን እንጂ ቦታውን አይደለም።

ተረቱ ግን (በሰው ዝምድና ላይ የተነገረ ቢሆንም) ከተርጓሚው ይልቅ ለነገሩ ይቀርባል፤ «ይስባል» እንጂ «ያስታውሳል» አላለምና። ወንዱ አናቱ ጥቁር የሆነ አንድ ትንሽ የአውሮፓ ወፍ አለ፤ የጀርመኖቹ ብርዱን ሸሽተው ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ የምሥራቅ ኦስትሪያዎቹ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይበርራሉ። የወፍ ተመራማሪው አንድሪያስ ሄልቢግ በ1991 ባሳተመው ጥናት ሁለቱ ሲዳቀሉ ጫጩቶቹ የወላጆቻቸውን መካከል ይዘው ወደ ደቡብ አቀኑ። ሁለት ትውስታ ተደባልቆ ማንም ያልሄደበትን መንገድ አያሳይም፤ ሁለት ስበት ግን መካከል ላይ ያሳርፋል።

ሌላ አባል፦ በአሜሪካ አትላንታ በ2013 የወጣው የአይጦች ጥናትስ? አባቶቹ አሴቶፌኖን የተባለውን ሽታ ባሸተቱ ቁጥር በኤሌክትሪክ ሲነዘሩ፣ ሽታውን አሽትተው የማያውቁ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በእሱ ይበልጥ ይደነግጡ ነበር ተብሏል።

መልስ፦ ውጤቱን የተጠራጠሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ እውነት ነው ብንል እንኳ ልጆቹ የወረሱት ድንጋጤውን እንጂ አባታቸው የተነዘረበትን ዕለት አይደለም፤ ስለዚህ «የተወረሰ ድንጋጤ» ማለት ይበቃል። ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። «ሐሳብ ገብቶኝ በደመ ነፍስ ቤቴ ደረስኩ» ስንል በመመላለስ የለመድነውን መንገድ ማለታችን ነው፤ ያ ፈጽሞ የተማርነው ነገር እንጂ በዘረመል የመጣ አይደለም። ቃሉ ሁለቱንም ስለሚያቅፍ፣ ተርጓሚው ለእንስሳቱ «አብሮ የተወለደ ጠባይ» ቢል አንባቢው አይሳሳትም።