ሞተር የራሱን ጭስ ለምን መልሶ ይስባል? ስለ መተንፈሻ ቱቦው ማብራሪያ እፈልጋለሁ

የማርቆስ መምህር፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ሲሆን፣ 1.3 ሊትር የቤንዚን ሞተር ያላት አሮጌ የቤት መኪና አለችኝ። በአብዛኛው የምነዳት ከቤቴ እስከማስተምርበት ትምህርት ቤት ያለውን ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ በወር አንድ ጊዜ ገደማ ደግሞ በደጀን በኩል የዓባይን በረሃ አቋርጬ አዲስ አበባ ደርሼ እመለሳለሁ።

ባለፈው ክረምት የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት ከሥሩ ቡና በወተት የመሰለ ዝልግልግ ነገር ተለጥፎ አገኘሁ። ለአንድ መካኒክ ሳሳየው፣ ከሞተሩ የላይ ክዳን ተነሥቶ ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄደውን ቀጭን ቱቦ ነቅሎ ውስጡ በዘይት መራሱን አሳየኝና «ሞተርዎ ቆሻሻውን መልሶ እየበላ ነው» አለኝ። ከዚያም ይህንን ቱቦና ከአየር ማጣሪያው በኩል የሚመጣውን ሌላውን ቱቦ ነቅሎ፣ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በእንጨት ውታፍ ደፈነልኝ። ለሁለት ሳምንት ያህል ምንም ችግር አልታየኝም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ዳገቱን ስወጣ የተቃጠለ ዘይት ሽታ በረታብኝና ቆሜ ብመለከት፣ የዘይት መለኪያው ዘንግ ከቦታው ተገፍቶ ወጥቶ ዘይቱ ሞተሩ ላይ ተረጭቷል። አሁን ደግሞ በፊት ለፊቱ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማኅተም) በኩል ያንጠባጥባል።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ሞተር ይህ መተንፈሻ ለምን ያስፈልገዋል? ካስፈለገውስ፣ ጭሱን ወደ ውጭ ከመጣል ይልቅ መልሶ እንዲስበው የተደረገው ለምንድን ነው? የመካኒኩ ንግግር ለእኔ ለማላውቀው ሰው አሳማኝ ስለነበረ ነው ዝም ብዬ የተቀበልኩት።

አሠልጣኝ ከባሕር ዳር፦

መምህር፣ በቅድሚያ ውታፎቹን ዛሬውኑ ያውጡና ሁለቱንም ቱቦዎች በነበሩበት ይመልሱ፤ ማብራሪያውን ከዚያ በኋላ ቢያነቡት ይሻላል።

በፒስተኑ ዙሪያ ያሉት ቀለበቶች፣ ጋራዥ ውስጥ ፋሻ የምንላቸው፣ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆኑ ሲሊንደሩን ሙሉ በሙሉ አይዘጉትም። የእያንዳንዱ ቀለበት ሁለት ጫፎች በሚገናኙበት ቦታ ሆን ተብሎ የተተወ ስስ ክፍተት አለ፤ ብረት ሲግል ስለሚረዝም፣ ክፍተቱ ባይኖር ኖሮ ጫፎቹ እርስ በርስ ተገፋፍተው የሲሊንደሩን ግድግዳ ይቧጥጡት ነበር። ነዳጁ በነደደ ቁጥር ከሚፈጠረው ከፍተኛ ግፊት የተነሣ ጥቂት ጋዝ በዚህ ክፍተትና በቀለበቶቹ ጠርዝ ሾልኮ ወደ ሞተሩ ሆድ፣ ማለትም በፒስተኖቹ የሚዞረው ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ፣ ወደሚሽከረከርበትና ከሥሩ ኮፓው ዘይት ይዞ ወደተቀመጠበት ክፍል ይወርዳል። ይህ የብልሽት ምልክት ሳይሆን ማንኛውም ጤነኛ ሞተር የሚያደርገው ነገር ነው፤ ሞተሩ ሲያረጅ መጠኑ ይጨምራል እንጂ አዲስ ሞተርም ከዚህ አያመልጥም።

የሞተሩ ሆድ መውጫ ከሌለው ግፊቱ እየተጠራቀመ ደካማ ቦታ ይፈልጋል። ፓራኦሊዮም ሆነ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) የተሠሩት የሚረጭ ዘይትን ለመያዝ እንጂ ከውስጥ የሚገፋ ጋዝን ለመቋቋም አይደለም። የእርስዎ መኪና ሁለት ሳምንት ታግሣ በዳገቱ ላይ የተሸነፈችበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ በከተማ ውስጥ ሾልኮ የሚወርደው ጋዝ ጥቂት ሲሆን፣ ከዓባይ እስከ ደጀን ባለው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ በሚያስወጣው መንገድ ላይ ግን ሞተሩ ለረጅም ጊዜ በሙሉ ጉልበቱ ስለሚሠራ ጋዙ እጅግ ይበዛል።

ሆኖም ጉዳዩ የግፊት ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ተራ ቀዳዳ በበቃ ነበር። ዋናው ነገር የሚወርደው ጋዝ ምን እንደያዘ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውኃ ይፈጠራል፤ አብዛኛው በእንፋሎት መልክ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ቢወጣም፣ ጥቂቱ ካልተቃጠለ ቤንዚንና አሲድ ከሚፈጥሩ ጋዞች ጋር ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ውኃው ከዘይቱ ጋር ሲመታ ያ እርስዎ ያዩት ቡና በወተት የመሰለ ነገር ይሆናል፤ ቤንዚኑ ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ አሲዱ ደግሞ ክራንክሻፍቱ የሚዞርባቸውን ኩሽኔታዎች ቀስ በቀስ ይበላል። ስለዚህ እነዚህ ነገሮች እንፋሎት ሳሉ፣ ቀዝቅዘው ወደ ፈሳሽ ከመለወጣቸው በፊት፣ በንጹሕ አየር ታጥበው መውጣት አለባቸው። በሌላ አነጋገር መተንፈሻው የሚያስፈልገው ለማስተንፈስ ብቻ ሳይሆን ለማጠብም ነው። ከአየር ማጣሪያው የሚመጣው ቱቦ ንጹሕ አየር ያስገባል፤ ሌላው ደግሞ የታጠበውን ጋዝ ወደ ማኒፎልድ፣ ማለትም አየርን ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ማስገቢያ፣ ይወስዳል። መካኒኩ የደፈነው ሁለቱንም ነው።

በክረምት ማርቆስ ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚነዳ ሞተር ዘይቱ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ክዳኑ ሥር ትንሽ ዝልግልግ ነገር ቢያሳይ አያስገርምም። የራዲያተሩ ውኃ ካልቀነሰና በመለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ካልነጣ፣ የቴስታታ (የሲሊንደሮቹ የላይኛው አካል) ጓርኒሲዮን ተበላ ብለው አይስጉ። መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ቀን ሠላሳና አርባ ደቂቃ ያህል በሚገባ መንዳት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ። ወደ ማኒፎልዱ የሚሄደው ቱቦ መነሻ ላይ ፒሲቪ ቫልቭ የምንለው፣ በውስጡ ሞላ (ስፕሪንግ) እና ተንቀሳቃሽ ዘንግ የያዘ ትንሽ ዕቃ አለ። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥለት በዝግታ፣ ሲሠራ ማኒፎልዱ በኃይል ስለሚስብ ዘንጉ ወደ መጥበቢያው ተስቦ የሚያልፈውን ጋዝ ይቀንሳል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ስበቱ ስለሚላላ ሞላው ዘንጉን መልሶ መንገዱን ያሰፋዋል፤ እሳት ወደ ማኒፎልዱ ቢመለስ ደግሞ ጨርሶ ይዘጋና ነበልባሉ በዘይት ጉም ወደተሞላው የሞተሩ ሆድ እንዳይገባ ይከለክላል። ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥና ጋዙ ከቫልቩ አቅም በላይ ሲሆን፣ ትርፉ በንጹሕ አየር ቱቦው በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ ከሚገባው አየር ጋር ይሳባል። ማርቆስ ወደ 2,450 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሞተሩ ሆድና በማኒፎልዱ መካከል ያለው የስበት ልዩነት ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ያነሰ ቢሆንም ሥራውን ለመሥራት ይበቃል።

መካኒኩ «ቆሻሻውን ይበላል» ማለቱ ሐሰት አይደለም፤ ስሕተቱ መብላቱን እንደ በሽታ ማየቱ ነው። የሚበላው በአብዛኛው ያልነደደ የነዳጅና የአየር ድብልቅ ነውና ተመልሶ ይነዳል። የቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ በስሱ በዘይት መራሱ የተለመደ ነው፤ ቱቦው ዘይት እያፈሰሰ ከሆነ ግን ወይ ቫልቩ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ወይ በላይ ክዳኑ ውስጥ ዘይቱን ከጋዙ የሚለየው ክፍል ተደፍኗል፣ ወይም ፋሻው አልቋል።

ከበረሃው ዳር፦

ለአሠልጣኙ ምስጋናዬን እያቀረብሁ አንድ ነገር ልጠይቅ። አባቴ ይነዱት የነበረው አሮጌ መኪና ከሞተሩ ጎን ወደ መሬት የሚወርድ ተራ ቱቦ ብቻ ነበረው፤ ለብዙ ዓመታትም ሠርቷል። መምህሩ ቱቦውን ነቅለው ወደ ታች ቢያንጠለጥሉት ምን ይጎዳል?

አሠልጣኝ ከባሕር ዳር፦

ያ ቱቦ የሚሠራው መኪናው በሚሄድበት ጊዜ በሥሩ የሚያልፈው ነፋስ ጋዙን ስለሚስበው ነበር፤ መኪናው ሲቆም ወይም ቀስ ሲል ስበቱ ይጠፋል፤ በከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ደግሞ ዋናው ጊዜ ያ ነው። የተተወውም አየሩን ስለበከለ ነው። ትውልደ ሆላንዳዊው ኬሚስት አሪ ሃገን-ስሚት በ1950ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ጭጋግ ካልተቃጠለ ነዳጅና ከናይትሮጅን ኦክሳይድ በፀሐይ ብርሃን እንደሚፈጠር ካሳዩ በኋላ፣ ከሞተር ሆድ የሚወጣው ጋዝም ተጠያቂ ሆነ። ካሊፎርኒያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. አዳዲስ መኪናዎች ጋዙን መልሰው እንዲስቡ አስገደደች።

የመምህሩ መኪና ግን ለዚያ ዓይነት ቱቦ አልተሠራችም። የማኒፎልዱ ቀዳዳ ክፍት ቢቀር ያልተለካ አየር ገብቶ ሚኒሞው ይዛባል፤ የሞተሩ ቀዳዳ ክፍት ቢቀር ደግሞ የጥርና የየካቲት አቧራ ያለ ማጣሪያ ወደ ዘይቱ ሊገባ ይችላል። አቧራ በዘይት ውስጥ ማለት ኩሽኔታን በአሸዋ እንደ መሞረድ ነው።

ጤፍ ጫኝ፦

እኔ ከቢቸና ጤፍ የማመላልስ የናፍጣ መኪና ሾፌር ነኝ። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ የአየር መዝጊያ ስለሌለው በማኒፎልዱ ውስጥ ያን ያህል ስበት የለም፤ ስለዚህ የእኔ መኪና ጋዙን በዘይት መለያ በኩል አሳልፎ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው ቱርቦ በፊት ወዳለው ቱቦ ይልከዋል። አምና ሰማያዊ ጭስ ስታወጣ «ቱርቦው ሞቷል» ተብዬ ብዙ ብር ልከፍል ጥቂት ነበር የቀረኝ። አንድ አዛውንት መካኒክ ግን መለያውን ፈትተው በጥቁር ዝቃጭ መደፈኑን አሳዩኝ። እንዳስረዱኝ፣ ከቱርቦው የሚመለሰው ዘይት ወደ ሞተሩ ሆድ የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ ስለሆነ፣ በሆዱ ውስጥ ግፊት ካለ ዘይቱ መውረድ አቅቶት በቱርቦው ማኅተም በኩል ያመልጣል። መለያው ሲጸዳ ጭሱ ቆመ። ቱርቦ ከመለወጣችሁ በፊት ይህንን አስፈትሹ።

የማርቆስ መምህር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ውታፎቹን አውጥቼ ቫልቩን ስነቅለው በዝቃጭ ተጣብቆ ነበር፤ ሳነቃንቀውም ምንም ድምፅ አላሰማም። ቫልቩ ይለወጥ ወይስ በቤንዚን ታጥቦ ይመለስ?

አሠልጣኝ ከባሕር ዳር፦

ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ይለውጡት፤ ቱቦውን ግን በሚገባ አጥበው ይመልሱ። አዲሱን ከገጠሙ በኋላ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው አንድ ወረቀት ቀዳዳው ላይ ያስቀምጡ፤ ወረቀቱ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ከተሳበ መተንፈሻው እየሠራ ነው፤ ከተገፋ ወይም ከተነፋ ግን ወይ ገና የተደፈነ ነገር አለ ወይም ፋሻው አልቋል። ዘይቱንም ከነፊልትሮው አብረው ይለውጡ፤ ለሳምንታት ሳይታጠብ ከርሟልና።

የማርቆስ መምህር፦

ለውጬው ወረቀቱ ተስቧል። የመለኪያው ዘንግ ደጀንን ወጥቼም ከቦታው አልተነቃነቀም። ፓራኦሊዮው ግን አሁንም በቀን ሁለት ሦስት ጠብታ ያንጠባጥባል፤ ለቅዳሜ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ሌላ ጋራዥ ነው።