የፓናማን «ሞላ» ለሁለተኛ ክፍል ልጆች በወረቀት ለማስተማር የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

የተከበራችሁ የሥነ ጥበብ መምህራን፣

በሜሪላንድ የሁለተኛ ክፍል ረዳት መምህርት ስሆን፣ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኦክቶበር 15 በሚከበረው የሂስፓኒክ ቅርስ ወር (የስፔንና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን ቅርስ በሚታሰብበት) የእጅ ሥራ እንዳስተምር ተመድቤያለሁ። ሁሉን ነገር ሜክሲኮ ብቻ ማድረግ (በየዓመቱ የሚሆነው ይኸው ነው) ስላልተዋጠልኝ፣ አንዲት ተማሪ የአያቷን ቀሚስ ይዛ በመጣችበት ቀን ሞላ የተባለውን የጨርቅ ጥበብ መረጥሁ። በዚህ ጥበብ ጉና የሚባለው የፓናማ ነባር ሕዝብ ሴቶች ባለ ልዩ ልዩ ቀለም ጨርቆችን ደራርበው፣ የላይኛውን በመቀስ ከቀደዱ በኋላ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፈው በመስፋት የታችኛው ቀለም ብቅ እንዲል ያደርጋሉ።

ችግሬ ያለው መቀሱ ላይ ነው። ጫፉ ዱልዱም በሆነ የልጆች መቀስ ከወረቀት መሀል ቀዳዳ መጀመር አይቻልም፤ ወረቀቱን ለሁለት አጥፈው ሲቆርጡ የኤሊ ቅርጽ አምሮ ቢወጣም፣ ከጎን በኩል የሚታይ ወፍ ግን ባለ ሁለት ራስ ሆኖ ይቀራል። ሃያውንም ወረቀት እኔው ልብሳ እንዳልል ደግሞ ሥራው የልጆቹ መሆኑ ይቀራል። ልጆቹ ሹል ስለት ሳይነኩ የሚቆርጡበትን ዘዴ ብትጠቁሙኝ?

በተጨማሪም ጉናዎች የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ነባር ሕዝብ እንጂ ስፔናውያን ያመጧቸው አለመሆናቸውን ለሰባት ዓመት ልጅ በምን ቃል እንደምትነግሩ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።