«ጫፉ ምን ያደርግለታል?»፦ ስለ ኮሎራዶ ተራሮች የተነሣ ክርክር

ባለ ዱላው፦

ጫፉ የግል ይዞታ በመሆኑ ለተራማጅ ስለ ተዘጋው ስለ ብሮስ ተራራ ትናንት ስንነጋገር አንድ የተከበሩ አባታችን «ባዶ ድንጋይ ነው፤ ጫፉ ምን ያደርግለታል? የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንቲው፣ ቆርሶ ይውሰድና ለሕዝብ ይስጥ» ብለው ጻፉ። ብዙ ሰው ደግፎ አለፈ። እኔ ግን አላስቻለኝም። ዴንቨርና አውሮራ የምንኖር ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ መውጣት ከለመድን ወዲህ፣ ከአስፋልት ወጥተን የምንረግጠው ሁሉ የመንግሥት መሬት እየመሰለን መጥቷል። ከካይት ሐይቅ ተነሥተን በአንድ ቀን የምንዞራቸው ደሞክራት፣ ካሜሮን፣ ሊንከንና ብሮስ ግን እ.ኤ.አ. በ1872 በወጣው የማዕድን ሕግ ለግለሰቦች የተሰጡ ይዞታዎች ያሉባቸው ናቸው። የደሞክራት ጫፍ እ.ኤ.አ. በ2023 የሕዝብ የሆነው ማንም ቀምቶ አይደለም። ባለቤቱ ጫፉንና መውጫውን የያዘውን 289 ኤከር ለይቶ ኮንሰርቬሽን ፈንድ ለተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ሸጠ፤ ድርጅቱም ለፌዴራሉ የደን አገልግሎት አስረከበ። ተራራ የሚሸነሸን ከሆነ እንዲህ ይሸንሸን፤ በፈቃድና በዋጋ።

የ66 ትውልድ፦

ያ ሰው እኔ ነኝ፤ ያልሁትንም አላጥፍም። ዋጋ ዋጋ ትላለህ፤ መጀመሪያስ ስንት ተከፈለበት? ያ ሕግ ማዕድን አገኘሁ ያለ ሰው በኤከር 5 ዶላር ከፍሎ መሬቱን የግሉ እንዲያደርግ ፈቀደ። ብሩን ቆፍረው ወሰዱ፤ ጉድጓዱን አፉን እንደ ከፈተ ጥለውት ሄዱ። ዛሬ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ሕዝቡ የገዛ ተራራውን መልሶ ይግዛ? እኔ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጁ ሲታወጅ አደባባይ ወጥተው ከጨፈሩት አንዱ ነኝ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ሲባል ሽማግሌ በደስታ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬ በስተርጅና ለባለርስት ጥብቅና ልቁም? አልቆምም። ደግሜ እጠይቃለሁ፤ አይታረስበት፣ ቤት አይሠራበት፣ ጫፉ ምን ያደርግለታል?

የደባርቅ ልጅ፦

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው። «ምን ያደርግለታል» የሚለውን አነጋገር ግን እባክዎ ይተዉልን። የተወለድሁት ሰሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ ላይ ነው። ግጭ የምትባለው መንደር ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከፓርኩ ውስጥ ተነሥተው ወደ ደባርቅ ሲመጡ ሰው ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነበር፤ ብርድ ነው፣ ከገብስ በቀር አያበቅልም፣ ምን ያደርግላቸዋል። አንድ የግጭ አዛውንት አዲስ በሠሩት ቤት በር ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የበጎቻቸውን ዋጋ በመሐረብ ቋጥረው ተቀምጠው አይቻለሁ። ገንዘቡ ነበረ። በግ የሚያሰማሩበት ግን አልነበረም። ስለዚህ ከሩቅ የቆመ ሰው የሌላውን መሬት ጥቅም ሲተምን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

የ66 ትውልድ፦

ልጄ፣ የድሀ ገበሬን ኑሮ ከማዕድን ይዞታ ጋር አታስተካክል። ግጭ ላይ ሰው ይወለድ ነበር፤ ይቀበርም ነበር። ብሮስ ጫፍ ላይ ማን ተወለደ? ማንስ ተቀበረ? ደግሞስ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 ከገባበት የዩኔስኮ በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ በ2017 የወጣው በምን ምክንያት ይመስልሃል? ግጦሹ ስለቀነሰና ዋልያው ፋታ ስላገኘ ነው። ይህንንም ካድ።

የደባርቅ ልጅ፦

አልክድም። ዋልያው የእኛም ኩራት ነው። ፓርኩ ዳነ ማለት ግን የተነሡት ሰዎች ሒሳብ ተዘጋ ማለት አይደለም። እርስዎ ባነሡት ነገር ላይ ልቁም፤ «የሕዝብ ተራራ» ያሉት የየትኛው ሕዝብ ነው? ከቆፋሪዎቹ በፊት እነዚህን ተራሮች ያውቋቸው የነበሩት ዩት የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1868ቱ ውል ወደ ምዕራብ ተገፉ፤ በ1881 አብዛኞቹ ወደ ዩታ ተባረሩ። ያኔም «ለእነዚህ ሰዎች ምን ያደርግላቸዋል» ሳይባል አልቀረም። መሬት ይመለስ ካልን ከዚያ እንጀምር።

የ66 ትውልድ፦

እንጀምር! እኔ ምን ቸገረኝ? ለዩቶች ይመለስ ከተባለ በመጀመሪያ የምፈርመው እኔ ነኝ። አንተ ግን ይህን ያነሣኸው ለዩቶች አስበህ ሳይሆን እኔን ለማስያዝ ነው።

ቀያሽ፦

«ቆርሶ ይውሰድ» የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ ምን እንደሚመስል ላስረዳ፤ ሥራዬ ስለሆነ ነው። በዚያ ሕግ የአንድ ይዞታ ስፋት ቢበዛ 1,500 በ600 ጫማ ነው፤ ሃያ ኤከር ገደማ ማለት ነው። ቆፋሪዎቹ ችካላቸውን የተከሉት የብሩን ሥር እየተከተሉ እንጂ አገሩን በሥርዓት እያካለሉ አልነበረም። ስለዚህ ካርታው ላይ ይዞታዎቹ መሬት ላይ እንደ ፈሰሰ የክብሪት እንጨት ተጠላልፈው፣ አንዱ በሌላው ላይ ተጋድሞ ነው የሚታዩት። ብሮስ ጫፍ አካባቢ የብዙ ባለቤቶች ይዞታ ይገናኛል። የአንዱን ፈቃድ አግኝታችሁ የሌላውን ብታጡ መንገዱ መሐል ላይ ይቆረጣል። ደሞክራት ተሳክቶ ብሮስ ያልተሳካው ለዚህ ነው፤ እዚያ የሚያነጋግሩት አንድ ሰው ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ሽንሸናው ራሱ ነው። አንድን ይዞታ እንዳለ መሸጥ ቀላል ነው። ከይዞታው ላይ የእግር መንገድ ያህል ቆርሶ መሸጥ ግን ሌላ ነው። በኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው ሕግ ከ35 ኤከር ያነሰ ቁራጭ መሬት መፍጠር በመርሕ ደረጃ የካውንቲውን የሽንሸና ፈቃድ ይጠይቃል። ቅየሳ አለ፣ ለጎረቤት ማስታወቅ አለ፣ የኮሚሽነሮች ስብሰባ አለ። ይህ ሁሉ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ለማያስኬድ መንገድ ነው። በዚያ ላይ መንገዱ ጎርፍ ሲበላው ወደ ጎን ይዞራል፤ ካርታው ላይ ያለው መስመር ግን አብሮት አይዞርም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሕዝቡ ቁራጭ አንድ ቦታ፣ ሕዝቡ የሚሄድበት ሌላ ቦታ ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው መሬቱን ሳይቆርሱ የመተላለፊያ መብትን በውል ገዝቶ ማስመዝገብ ነው። ባለቤትነቱ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል፤ መሬቱ ቢሸጥም ውሉ ለአዲሱ ባለቤት ይተላለፋል።

ስቶክሆልም፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ? እኔ በምኖርበት በስዊድን የሰው ደን ውስጥ እገባለሁ፤ እንጉዳይና የዱር እንጆሪ እለቅማለሁ። ቤቱ አጠገብ እስካልደረስሁና እስካላበላሸሁ ድረስ ማንም አይከለክለኝም። ስኮትላንድም እ.ኤ.አ. በ2003 በሕግ ተመሳሳይ መብት ደንግጋለች። ባለቤትነቱ የባለቤቱ፣ መራመዱ የሰው ሁሉ። ቀያሽም አያስፈልግ፣ ገዢም አያስፈልግ።

ባለ ዱላው፦

እህቴ፣ ስዊድን ውስጥ እግርሽ ቢሰበር ባለ ደኑን ትከሺዋለሽ? አትከሺውም፤ ሕክምናሽን በአብዛኛው መንግሥት ይሸፍነዋል። እዚህ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ብስክሌተኛ በአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚ መሬት ላይ በሚያልፍ መንገድ ሲሄድ ጎርፍ የቦረቦረው አስፋልት ጥሎት ክፉኛ ተጎዳ። ክሱ ዓመታት ፈጅቶ፣ በ2019 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነውን ፍርድ አጸናለት። የፌዴራል መንግሥት ይህን ያህል ከከፈለ፣ መሬቱ በአሮጌ የማዕድን ጉድጓድ የተበሳሳ ግለሰብ ምን ይሁን? በ2021ም በ2023ም እነዚህ ተራሮች የተዘጉት ለዚህ ነው። በ2024 ሕጉ ተሻሽሎ ማስጠንቀቂያ የለጠፈ ባለመሬት የተሻለ ከለላ አገኘ። ፍርሃቱን መጀመሪያ ማንሣት ነው እንጂ ሰውየውን መስደብ መንገድ አይከፍትም።

ስቶክሆልም፦

ማን ሰደበው? የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። መራመድን እንደ ዕቃ የሚሸጥና የሚገዛ ነገር ካደረጋችሁት፣ ነገ ገንዘብ ያለው ድርጅት ያልገዛው ተራራ ሁሉ ዝግ ይሆናል። አንድ ጫፍ በገዛችሁ ቁጥር የቀሩት ባለቤቶች ዋጋ ይማራሉ። ይህንን አስባችሁበታል?

ቀያሽ፦

ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን አገሪቱን ስዊድን ማድረግ አይሆንም። የሕግ ማሻሻያው ራሱ በ2023 ቀርቦ ወድቆ፣ ያለፈው በሁለተኛው ዓመት ነው።

ማለዳ ተጓዥ፦

ፍርድ ቤቱንና ስዊድንን ለአፍታ ተዉትና ስለ ራሳችን እናውራ። ባለፈው ነሐሴ ከመካከላችን ብሮስ ላይ የተተከለውን የክልከላ ምልክት አልፈው፣ ጫፉ ላይ ባንዲራ ዘርግተው ፎቶ የለጠፉ አሉ። ሁላችሁም ያንን ቦታ ታውቁታላችሁ። የተፈቀደው መንገድ ጫፉን ወደ ጎን ትቶ በጠጠሩ ላይ ይዞራል። ከምልክቱ አጠገብ ግን ሰው እየጣሰ ያወጣው ሌላ ዱካ ወደ ላይ ይሄዳል። ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ ግራና ቀኙ ከመሬት የተጣበቀ ለስላሳ ሣርና ከጥፍር የማይበልጥ ሰማያዊ አበባ ነው፤ መሐሉ የተላጠ ጠጠር። በዚያ ከፍታ የተረገጠ ተክል እስኪያገግም አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል። «ለመንገድ ጥበቃ» እያልን የምንከራከረው ስለዚህ አይደለም እንዴ? ባለይዞታዎቹ ይህን እያዩ በምን ልባቸው ይሸጡልናል?

የ66 ትውልድ፦

ባንዲራውን ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ አላፍርበትም። በሰባ ዓመቴ ከ4,300 ሜትር በላይ ወጥቼ ጫፉ ሃምሳ እርምጃ ሲቀረው አንዲት ጣውላ ትመልሰኝ? ከራስ ዳሽን የሚያንስ ተራራ ነው።

ማለዳ ተጓዥ፦

ጋሼ፣ ጉልበትዎን አደንቃለሁ፤ የኮሎራዶ ተራራ ሁሉ ከራስ ዳሽን ማነሱንም አውቃለሁ። ነገር ግን እርስዎ አልፈው ሲሄዱ ከኋላዎ የነበሩት ወጣቶች ሁሉ ተከተሉዎት። ምልክቱን ያቆመው ሰው በማግሥቱ የሚያየው የእርስዎን ባንዲራ ሳይሆን የእኛን ሁሉ ዱካ ነው።

የ66 ትውልድ፦

ዱካው የበዛው ስለተከለከለ ነው። መንገዱ የሕዝብ ቢሆን ኖሮ የደን አገልግሎት በድንጋይ ደርድሮ፣ ጎርፍ ማፋሰሻ አውጥቶለት ሁሉም በአንድ መስመር ይሄድ ነበር። ማን ያበጀዋል አሁን? ባለይዞታው አያበጅ፣ ሌላ አያስበጅ። አየሽ፣ አበባውን የሚያጠፋው የእኔ እግር ሳይሆን የግል ይዞታው ነው።

ባለ ዱላው፦

መንገዱ በሕዝብ እጅ ሲገባ በተሻለ ይጠበቃል ያሉት ልክ ነው፤ ደሞክራት የተገዛውም ለዚህ ነው። «ስለዚህ በግድ ይወሰድ» የሚለው ላይ ነው የምንለያየው። ጋሼ፣ የ1967ቱን አዋጅ ጠቅሰው ጀመሩ። እኔም የዚያ አዋጅ ልጅ ነኝ፤ አባቴ በእሱ መሬት ካገኙት ነው። ነገር ግን መሬቱ «የሕዝብ» ከተባለ በኋላ ይነሣ፣ አይነሣ የሚለውን የሚወስነው ቢሮ ሆነ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም አለ። አባቴ የዘራበትን ማሳ ለልማት ሲወስዱበት እምቢ የሚልበት ወረቀት አልነበረውም። ይህ የማዕድን ባለይዞታ እምቢ ማለት ይችላል። እምቢ ማለት መቻሉን ነው የምከላከለው፤ ባለርስትነቱን አይደለም።

የ66 ትውልድ፦

የአባትህን መሬት የወሰደው አዋጁ ሳይሆን ሹሙ ነው። ሁለቱን አትቀላቅል። ያ አዋጅ ባይኖር ኖሮ አባትህ እስከ ዕለተ ሞቱ ጭሰኛ ነበር፤ እምቢ ይል የነበረውም ባለርስቱ ነበር!

ባለ ዱላው፦

አባቴን ለእኔ ይተዉልኝ።

የ66 ትውልድ፦

አንተ ነህ ያመጣኸው። ቀያሽ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። ብሮስ ላይ አሉ የተባሉት ባለይዞታዎች ግብራቸውን የማይከፍሉ ቢሆኑስ? መሬቱ ዝም ብሎ ይቀመጣል?

ቀያሽ፦

አይቀመጥም። ያልተከፈለው የግብር ዕዳ በካውንቲው ገንዘብ ያዥ በኩል ለጨረታ ይቀርባል። ባለቤቱ ዕዳውን ከፍሎ እንዲያስመልስ ዓመታት ይሰጡታል፤ ካልከፈለ ይዞታው ከእጁ ሊወጣ ይችላል። ግን ይህ ለእያንዳንዱ ይዞታ ለየብቻው የሚሆን ነው፤ ጫፉን በአንድ ጊዜ አይሰጣችሁም።

የ66 ትውልድ፦

እንግዲያው ካውንቲው መውሰድ ይችላል ማለት ነው! ከትናንት ጀምሮ ያልሁት ይህንኑ ነው።

ባለ ዱላው፦

ዕዳ ማስከፈልና ቆርሶ መውሰድ አንድ ነው? ጋሼ፣ ይህን እርስዎም ያውቁታል።

የ66 ትውልድ፦

ለተራማጁ ልዩነት የለውም።

የደባርቅ ልጅ፦

ለተነቀለው አለው።

ማለዳ ተጓዥ፦

የፊታችን ቅዳሜ የምንወጣው ደሞክራትን ነው፤ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ እንነሣለን፤ ከሰዓት በኋላ መብረቅ አለ። ብሮስን ማን ጨመረው? ስሙ ዝርዝሩ ላይ ተጽፎ አይቻለሁ፤ ያወጣሁትን ደግሞ አንድ ሰው መልሶታል።

የ66 ትውልድ፦

እኔ ነኝ የመለስሁት። ብታወጪውም እመልሰዋለሁ።