ዋይ ክሮሞሶም በእርግጥ እየጠፋ ነው? «10 ሚሊዮን ዓመት» የሚባለው ስሌትስ ከየት መጣ?

የማታ_ተማሪ፦
ዋይ ክሮሞሶም እየተመናመነ ስለሆነ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በኋላ ጨርሶ ይጠፋል ሲባል ደጋግሜ አነባለሁ። ቁጥሩ የወጣው በምን ስሌት ነው? ደግሞ ዕድሜያቸው በገፋ ወንዶች ደም ውስጥ ዋይ የሌላቸው ሕዋሳት ይገኛሉ ይባላል። ይህ የመጥፋቱ ምልክት ነው ወይስ ሌላ ጉዳይ? የምታውቁ ብታብራሩልኝ።

ክሮሞሶም_23፦
ስሌቱ ተራ ማካፈል ነው። ዋይና ኤክስ ድሮ አንድ ዓይነት ጥንድ ነበሩ። መነሻው 1,438 ጂን፣ ዋይ ላይ የቀረው 45 ተብሎ ተያዘ። የጠፋው 1,393 ለ300 ሚሊዮን ዓመት ሲካፈል በሚሊዮን ዓመት 4.6 ጂን ይደርሳል፤ 45ን ለ4.6 ስታካፍለው ወደ 10 ሚሊዮን ዓመት ይመጣል።

ችግሩ ጂኖቹ በእኩል ፍጥነት አለመጥፋታቸው ነው። ዋይ ከኤክስ ጋር መለዋወጥ ያቆመው በአንዴ ሳይሆን ክፍል በክፍል ነው። አንድ ክፍል መለዋወጥ ሲያቆም የተበላሸውን ጂን በደህናው የሚተካበት መንገድ ስለሚዘጋ፣ እዚያ ያሉት ጂኖች መጀመሪያ ላይ በብዛት ይረግፋሉ። ከዚያ ፍጥነቱ በጣም ይቀንሳል። በ2012 የሰው ዋይ ከሬሰስ ጦጣ ዋይ ጋር ሲነጻጸር፣ ሁለቱ ከተለያዩ ወዲህ ባሉት 25 ሚሊዮን ዓመታት የሰው ወገን ከጥንቶቹ ጂኖች ያጣው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በ4.6 ሒሳብ ከሄድን ከ100 በላይ መጥፋት ነበረበት። ለእኔ ክርክሩን የሚዘጋው ይሄ ነው። ቺምፓንዚ ግን ከእኛ ከተለየ በኋላ ብዙ ጂን ስላጣ፣ ዋይ ሁሉ ጸንቶ ይቆማል ማለት አይቻልም።

የቀሩት ጂኖች ለምን ጸኑ? እንደ ኬዲኤም5ዲ፣ ዲዲኤክስ3ዋይ እና ዩቲዋይ ያሉት ኤክስ ላይ አቻ አላቸው፤ ከዘር ፍሬ ውጭም በብዙ የሰውነት ክፍል ይሠራሉ። ሴት ውስጥ አቻዎቻቸው ከሁለቱም ኤክስ ይነበባሉ፣ ወንድ ውስጥ ደግሞ ከኤክስና ከዋይ። መጠኑ በግማሽ ከወረደ ሕዋሱ ይቸገራል። ስለዚህ እነዚህን የሚያጣ ዋይ ለትውልድ የመተላለፍ ዕድሉ ጠባብ ነው።

ላብ_ኮት፦
በዚህ ላይ ዋይ ራሱን የሚጠግንበት ዘዴ አለው። «ውሃው» የሚለው ቃል ከፊትም ከኋላም ሲነበብ አንድ ነው። ዋይ ላይ እንዲህ ያሉ ስምንት ግዙፍ ቁራጮች አሉ (ዲኤንኤ ላይ ግን ከኋላ ወደ ፊት የሚነበበው በተጓዳኙ ክር ነው)። ትልቁ ወደ 2.9 ሚሊዮን ፊደል ይረዝማል፣ ሁለቱ ክንዶቹም 99.97 በመቶ ይመሳሰላሉ። አንዱ ክንድ ላይ ስሕተት ሲገባ ከሌላው ተቀድቶ ይታረማል።

ግን ያው መመሳሰል አደጋም ያመጣል። ሁለት ተመሳሳይ ቦታዎች በስሕተት ሲገጣጠሙ በመካከላቸው ያለው ይቆረጣል። ዋይ ላይ ለስፐርም መፈጠር የሚያስፈልጉ ኤዜድኤፍ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉ ቦታዎች አሉ። ሲ (ኤዜድኤፍሲ) ላይ 3.5 ሚሊዮን ፊደል በአንዴ ሲወድቅ የስፐርም ቁጥር ያሽቆለቁላል።

ይህን ጉድለት መመርመሪያው ፒሲአር (የተመረጠ የዲኤንኤ ቁራጭን አባዝቶ መኖሩን የሚያሳይ ዘዴ) ነው። የሚፈለጉት ምልክት ቁራጮች ለኤ ቦታ ኤስዋይ84 እና ኤስዋይ86፣ ለቢ ኤስዋይ127 እና ኤስዋይ134፣ ለሲ ኤስዋይ254 እና ኤስዋይ255፤ ከነሱ ጋር ኤስአርዋይ (ዋይ ላይ ያለው ወንድነትን የሚያስጀምር ጂን) እና ዜድኤፍኤክስ/ዜድኤፍዋይ (በኤክስም በዋይም ላይ ያሉ አቻ ጂኖች) ለቁጥጥር ይገባሉ። የጤነኛ ወንድ፣ የሴትና የውሃ (ዲኤንኤ የሌለበት) ናሙና አብረው ይመረመራሉ። ሴቷ ላይ ከዜድኤፍኤክስ/ዜድኤፍዋይ ውጭ መስመር (ቁራጩ መኖሩን የሚያሳይ ምልክት) ከታየ ወይም ውሃው ላይ ምንም ነገር ከወጣ ብክለት ስላለ ውጤቱን ጣሉት። 254 ጠፍቶ 255 ካለ (ወይም በተቃራኒው) ጉድለት ብላችሁ አትጻፉ፤ ሁለቱም ብዙ ቅጂ ባለው ዳዝ ጂን ላይ ስለሚገኙ አንዱ ብቻ ሊጎድል አይችልም። ድገሙት።

ኤ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ከዘር ፍሬ ስፐርም ፈልጎ ማውጣት ተስፋ የለውም፤ ሲ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይገኛል። በዚያ ስፐርም የሚወለድ ወንድ ልጅ ጉድለቱን እንደሚወርስ ግን ለባልና ሚስቱ አስቀድሞ ሊነገራቸው ይገባል።

ሕዋስ_በሕዋስ፦
በአዛውንቶች ደም ውስጥ የሚታየው ሌላ ነገር ነው። የደም ግንደ ሕዋስ ሲከፈል ዋይ ይወድቅበታል፣ ከዚያ ያ ሕዋስ ይባዛል። በ70 ዓመት ገደማ 40 በመቶ በሚሆኑ ወንዶች የተወሰኑ የደም ሕዋሳት ላይ ይታያል፤ ሲጋራ ያባብሰዋል። ስፐርም ውስጥ ስለማይገባ ለልጅ አይተላለፍም፣ ከዝርያው ዕጣም ጋር አይገናኝም።

የማታ_ተማሪ፦
ገባኝ፣ እጅግ አመሰግናለሁ። እንበልና አንድ ቀን ዋይ ቢጠፋ ወንድ የሚባልም አብሮ ይጠፋል?

ሕዋስ_በሕዋስ፦
አይጠፋም። ኤስአርዋይ ሥራው ሶክስ9 የተባለውን ጂን መቀስቀስ ነው፤ ሶክስ9 ደግሞ የሚገኘው ሌላ ክሮሞሶም ላይ ነው። በጃፓን አማሚ ደሴት የምትኖር እሾሃማ አይጥ ዋይም ኤስአርዋይም የላትም፤ ወንድም ሴትም ግን ይወለዳል። በ2022 ምክንያቱ ታወቀ፦ ከሶክስ9 አጠገብ 17,000 ፊደል የሚያህል ቁራጭ ተደግሟል፣ ድግሙም የተገኘው ወንዶቹ ላይ ብቻ ነው።