ነነዌ ጥር 3 ወይስ የካቲት 3? የ2019 ዓ.ም. አጽዋማትና በዓላት አወጣጥ

ፍሬ ሰንበት፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ለሰንበት ትምህርት ቤት የ2019 ዓ.ም. የግድግዳ ካላንደር እየተዘጋጀ ነው። ቀናቸው የማይለወጠው በዓላት አላስቸገሩም፤ ኅዳር 12 ሚካኤል፣ ታኅሣሥ 19 ገብርኤል፣ የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት፣ መጋቢት 5 አቦ፣ ነሐሴ 24 ተክለ ሃይማኖት እያልን ሞልተናል። ያስቸገረው ባሕረ ሐሳቡ (ቀናቸው የሚለዋወጠው አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት ቀመር) ነው። ለሙከራ ያለፉትን ዓመታት ስናወጣ የ2018 ነነዌ በትክክል ጥር 25 መጣ፤ የ2017 ግን ጥር 3 ሆነ። በዚህ ከሄድን ፋሲካው መጋቢት 12 ሊውል ነው፤ የዋለው ግን ሚያዝያ 12 ነው። ወር ሙሉ የሳትነው የቱ ላይ ነው? የ2019ንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያሳየን ብናገኝ።

ዘአቡሻኽር፦
ስሕተቱ መጨረሻዋ እርምጃ ላይ ነው። የ2017 መጥቅዕ (አወጣጡን ከታች በ2019 ስሌት ታዩታላችሁ) 29 ነው። ከ14 ስለሚበልጥ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 29 ዋለ፤ ዕለቱ ረቡዕ፣ የረቡዕ ተውሳክ (የሚጨመረው ቁጥር) 4። 29 እና 4 ሲደመር 33፤ 30ውን ስትገድፉ መባጃ ሐመሩ (ነነዌ የምትገባበትን ቀን የሚሰጠው ቁጥር) 3 ይሆናል። እዚህ ድረስ ደኅና ሄዳችኋል። ነገር ግን በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ውሎ ድምሩ ከ30 ሲያልፍ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ወሩም ይሻገራል፤ ነነዌ ከጥር ወደ የካቲት ትገባለች። ስለዚህ የካቲት 3። በ2018 ያልተሳሳታችሁት መጥቅዑ 18፣ ዕለቱ እሑድ፣ ተውሳኩ 7፣ ድምሩ 25 ሆኖ ከ30 ስላላለፈ ነው።

የ2019 እነሆ። 5500 ሲደመር 2019፣ ዓመተ ዓለም 7519። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 3 ይቀራል፤ ዘመነ ሉቃስ። 1879ን (መጠነ ራብዒቱን) ከ7519 ጋር ደምሩት፣ 9398። በ7 ሲገደፍ (ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) 4 ይቀራል፤ መስከረም 1 ዓርብ ነው ማለት ነው (1 ማክሰኞ ብላችሁ ቁጠሩ፤ 0 ከሆነ ሰኞ)። አሁን 7519ን በ19 ግደፉት፤ 14 ይቀራል፣ ይህ መደብ ነው። አንዱ ለዘመን ተትቶ ወንበር 13። ወንበር በ11 ሲባዛ 143፣ በ30 ተገድፎ አበቅቴ 23። ወንበር በ19 ሲባዛ 247፣ በ30 ተገድፎ መጥቅዕ 7። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ምንጊዜም 30 መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ ማባዛቱ ላይ ተሳስታችኋልና ወደፊት አትቀጥሉ።

7 ከ14 ስለሚያንስ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 7 ይውላል። ዕለቱ ቅዳሜ ነው። የዕለታት ተውሳክ ከቅዳሜ ይጀምራል፦ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። 7 እና 8፣ መባጃ ሐመር 15። በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት ስለዋለ ነነዌ የካቲት 15 ትገባለች።

ከዚህ በኋላ መደመር ብቻ ነው። በ15 ላይ የእያንዳንዱን ተውሳክ ጨምሩና ከየካቲት ጀምራችሁ ወሩን በ30 በ30 ቁጠሩ፦ ዐቢይ ጾም (14) የካቲት 29፣ ደብረ ዘይት (41) መጋቢት 26፣ ሆሣዕና (62) ሚያዝያ 17፣ ስቅለት (67) ሚያዝያ 22፣ ትንሣኤ (69) ሚያዝያ 24፣ ርክበ ካህናት (93) ግንቦት 18፣ ዕርገት (108) ሰኔ 3፣ ጰራቅሊጦስ (118) ሰኔ 13፣ ጾመ ሐዋርያት (119) ሰኔ 14፣ ጾመ ድኅነት (121) ሰኔ 16።

ወንበርና መጥቅዕ፦
ዘአቡሻኽር በደንብ አስቀምጦታል። ሁለት ጥግ ላይ ያሉ ዓመታትን ብቻ ልጨምር፤ ቀመሩን ኮምፒውተር ላይ የሚጽፉ ሰዎች የሚሰናከሉት እዚያ ነው። አንደኛ፣ በ19 ተገድፎ ምንም ካልቀረ (2005 እንዲህ ነበር፣ 2024ም እንዲሁ ነው) ከ0 ላይ አንድ አይነሣም፤ ወንበሩ 18 ይባላል። ሁለተኛ፣ መደቡ 1 ሲሆን ወንበሩ ባዶ ነው፣ «አልቦ አበቅቴ»። ያን ጊዜ መጥቅዑ 0 ሳይሆን 30 ተብሎ መስከረም 30 ይውላል። የ2006 ይኸው ነው፦ ዕለቱ ሐሙስ፣ 30 እና 3፣ 33፤ ነነዌ የካቲት 3።

ከማተማችሁ በፊት ዕለታቱን ፈትሹ። ነነዌ፣ ዐቢይ ጾምና ጾመ ሐዋርያት ከሰኞ አይወጡም፤ ደብረ ዘይት፣ ሆሣዕና፣ ትንሣኤና ጰራቅሊጦስ ከእሑድ፤ ርክበ ካህናትና ጾመ ድኅነት ከረቡዕ፤ ስቅለት ከዓርብ፤ ዕርገት ከሐሙስ። ወሰኑንም እዩ፦ ነነዌ ከጥር 17 ቀድማ፣ ከየካቲት 21 ዘግይታ አትገባም። ጥር 3 ሲመጣላችሁ ስሕተት መሆኑን ይህ ብቻ ይነግራችሁ ነበር።

ደግሞ 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ናት። የአምናውን ንድፍ ቀድቶ የሚሠራ ሰው ይህችን ቀን በቀላሉ ይረሳታል።

ፍሬ ሰንበት፦
ቃለ ሕይወት ያሰማልን፤ ዕለታቱ ሁሉ ልክ መጡ። ትንሣኤ ሚያዝያ 24 ከሆነ ግን ሚያዝያ 23 የቅዱስ ጊዮርጊስ ዓመታዊ በዓል ምን ብለን እንጻፈው? ሰኔ 12 ሚካኤልስ ጾም ውስጥ ነው?

እኅተ ማርያም፦
ሚያዝያ 23 በዚያ ዓመት ቀዳም ሥዑር ነው። ጠዋት ካህናቱ ቄጠማ የሚያድሉበት፣ ምእመኑ አክፍሎት ላይ ያለበት ቀን ነውና እንደ ሌላው ዓመት ታቦት ወጥቶ የሚነገሥበት ዕለት አይደለም። የሰማዕቱን ስም በቦታው ጻፉ፤ «ዓመታዊ ንግሥ» የሚለውን ከማስፈራችሁ በፊት ግን በስሙ የተተከለውን ደብር ጠይቁ፤ ሰው ካላንደሩን አምኖ ከሩቅ ሊመጣ ይችላል። ከመጋቢት 27 መድኃኔ ዓለም ጎንም የጥቅምት 27ቱን አትርሱ፤ የመጋቢቱ በዐቢይ ጾም ስለሚውል ንግሡ በድምቀት የሚከበረው በጥቅምት ነው።

ሰኔ 12 ዓመት ከዓመት ይለያያል። በ2018 ጾመ ሐዋርያት ግንቦት 24 ስለሚገባ ሚካኤል በጾም ይውላል፤ ጾሙም እስከ ሐምሌ 4 ድረስ 41 ቀን ነው። በ2019 ሰኔ 14 ስለሚገባ ሚካኤል ከጰራቅሊጦስ ዋዜማ ቅዳሜ ላይ ውሎ ከጾሙ ይቀድማል፤ ጾሙም 21 ቀን ብቻ ይሆናል። መግቢያው ቢለዋወጥም መፍቻው አይነቃነቅም፦ ሐምሌ 5፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ።

ዘአቡሻኽር፦
ለ2020 የምትቀጥሉ ከሆነ ዘመነ ዮሐንስ ነውና ልደትን ታኅሣሥ 28 አድርጉት፤ በሌሎቹ ሦስት ወንጌላውያን ዓመት 29 ነው። ጥምቀት ጥር 11 እንዳለ ነው።